የታሸገ ደብዳቤና የተከፈተ መዝገብ

በቡና ላይም ሆነ በታክሲ ሰልፍ፣ ሰዎች ስለ እጅ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ሲጨዋወቱ ዘወትር የምሰማቸው ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው፣ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ስልኬን የፈለገ ይስማው፣ መልእክቴንም የፈለገ ያንብበው፤ ክፉ ያልሠራ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው የሚሰማው ደግሞ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ወይም ስለ ሕዝብ ገንዘብ አወጣጥ ጥያቄ የተነሣ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ፣ «ይኸ የበላዮቹ ጉዳይ ነው፤ ተራ ሰው ቢያውቀው ምን ይረባዋል?» ይባላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ቃል አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ሳይጨርስ ሲናገር ሰምቼ አውቃለሁ። ተናጋሪው ጨዋና ቅን ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ሁለቱ አሳቦች በተጋጠሙ ጊዜ የሚሰጡት ትርጕም ታናሹ ይገለጥ፣ ታላቁ ይሸፈን የሚል መሆኑን ልብ አላለውም።

እኔ የማምነው የዚህን ተቃራኒ ነው። የግል ሰው ደብዳቤ ይታሸግ፣ የሹም መዝገብ ይከፈት እላለሁ። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ትናንት የመጣ መሣሪያ ነው፤ ስለ እርሱ የሚነሣው ክርክር ግን ከአያት ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን የቆየ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከስልኩ ይልቅ ከደብዳቤ መጀመር ይሻላል። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ታሪክ በራሳችን ዓመተ ምሕረት እጽፈዋለሁ።

በቀድሞ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፉት ነገሥታት፣ መኳንንት፣ ካህናትና ትልልቅ ነጋዴዎች ነበሩ። በአውሮፓ ወረቀቱ ይታጠፍና በቀለጠ ሰም ተለጥፎ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ላኪው ማን እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ ሳይሰበር ከደረሰም በመንገድ ማንም እንዳላነበበው ይመሰክራል። ይኸ ምስክርነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሐሰት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ለዚሁ ሥራ የቆመ አንድ የምሥጢር ክፍል ነበረ። በከተማው ለሚቀመጡት ለውጭ አገር አምባሳደሮች የመጣው የፖስታ ከረጢት በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ በ1 ሰዓት ወደዚያ ይገባል። ሠራተኞቹ ሰሙን በሻማ ነበልባል አቅልጠው ደብዳቤውን ይከፍታሉ፤ የወረቀቶቹ ተራ እንዳይዛባ ይመዘግባሉ፤ ዋናውን ነገር ይገለብጣሉ፤ በምሥጢር ቍጥር የተጻፈ ቢሆን ለፈቺዎች ያስተላልፋሉ፤ ከዚያም አስመስለው በሠሩት ማኅተም እንደ ገና አሽገው በ3 ሰዓት ተኩል ለፖስታ ቤቱ ይመልሳሉ። ክቡር አምባሳደሩ ቍርሱን በልቶ ሲነሣ ደብዳቤው ሳይነካ የደረሰው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ቤት በፓሪስም በለንደንም ነበረ፤ ፈረንሳዮች «ጥቁር ክፍል» ይሉታል።

ያን ጊዜ ይኸ ነገር በመኳንንትና በመኳንንት መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነበር፤ ተራው ሕዝብ መጻፍም አያውቅ፣ ለመልእክት የሚከፍለውም ገንዘብ የለው። ነገሩ የተለወጠው በ1840 ሮላንድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ባቀረበው አሳብ፣ በመላ የእንግሊዝ አገር ደብዳቤ በአንድ ሳንቲም በአንድ ፔኒ ብቻ እንዲላክ በተፈቀደ ጊዜ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የደብዳቤው ብዛት እጥፍ ሆነ። የልብስ ሰፊውም፣ የገረዲቱም፣ የስደተኛውም ጕዳይ በአንድ ከረጢት ውስጥ ይጓዝ ጀመር። ቀድሞ አምባሳደሮችን ሲያነብ የነበረው ዓይን አሁን ሁሉን ለማንበብ ቻለ ማለት ነው።

ይኸ ለሕዝብ የተገለጠው በ1844 ነው፤ ታሪኩም በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። ጁዜፔ ማዚኒ የሚባል ኢጣልያዊ ከ1837 ጀምሮ በስደት በለንደን ይኖር ነበር። አገሩ ኢጣልያ በዚያን ጊዜ ተከፋፍላ፣ የሰሜኑ ክፍል በኦስትሪያ ተይዞ ስለ ነበር፣ አንዲትና ነጻ ኢጣልያን ለማየት በጽሑፍም በማኅበርም ይደክም ነበር። ድኻ ነው፤ ለስደተኛ ልጆች የማታ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምራል፤ ወዳጆቹ በየአገሩ የተበተኑ ስለ ሆኑም ኑሮው ሁሉ በደብዳቤ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብዳቤዎቹ እየዘገዩ፣ የፖስታ ቤቱም ማኅተም በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ እየተመታ ሲደርሰው ጠረጠረ። ስለዚህ አንድ ብልኃት አሰበ። በደብዳቤ ውስጥ እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ የአበባ ዘር፣ የአሸዋ ቅንጣትና አንድ ሁለት የጠጕር ዘለላ እየጨመረ ወደ ራሱ ቤት ይልክ ጀመር። ደብዳቤው ሲመጣ ዘሩም፣ አሸዋውም፣ ጠጕሩም የለም። የከፈተው ሰው ወረቀቱን በጥንቃቄ መልሶ አጥፎታል፤ ዘሩን ግን ልብ አላለውም።

ማዚኒ ማስረጃውን ለቶማስ ደንከም፣ ለአንድ የፓርላማ አባል ሰጠና በሰኔ ወር 1844 አቤቱታው በምክር ቤት ተነበበ። የአገር ግዛቱ ሚኒስትር ሰር ጄምስ ግራሃም ደብዳቤ እንዲከፈት ማዘዙን አልካደም፤ የማንን እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ ግን ሕግ ፈቅዶልኛል ብሎ አልናገርም አለ። ኋላ በምርመራ እንደ ታወቀው፣ ከማዚኒ ደብዳቤ የተገኘው ወሬ ለኦስትሪያ መንግሥት ተላልፎ ነበር። በዚያው ወራት ባንዲዬራ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች መኰንኖች ኢጣልያን ነጻ እናወጣለን ብለው ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በካላብሪያ ጠረፍ ወርደው ተያዙና ሐምሌ 25 ቀን 1844 ከሰባት ጓደኞቻቸው ጋር በጥይት ተደበደቡ። እነርሱ ለማዚኒ የጻፉት ደብዳቤ በለንደን ከተነበቡት መካከል ነበረ። ለመያዛቸው ምክንያቱ ይኸው ደብዳቤ ነው፣ አይደለም በማለት የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። የለንደን ሕዝብ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ቶማስ ካርላይል የተባለው ታላቅ ጸሐፊ የማዚኒን አሳብ የማይቀበል ሰው ሳለ፣ ታይምስ ለተባለው ጋዜጣ ጽፎ የሰው ደብዳቤ መክፈት የሰው ኪስ ከመበርበር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው አለ። ቀልደኞቹ የሚኒስትሩን ስም የሚያላግጥ የደብዳቤ ማሸጊያ አትመው አሠራጩ። በመጨረሻ የውጭ አገር ደብዳቤ የሚከፍተው የምሥጢር ክፍል ተዘጋ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ የአበባው ዘር ብልኃት ብቻ አይደለም። ሚኒስትሩ የስደተኛውን ልብ እስከ ውስጡ እያነበበ፣ እርሱ ራሱ ስላደረገው ነገር በምክር ቤት ሲጠየቅ «ምሥጢር ነው» ማለቱ ነው። ምሥጢርን የሚያውቅ ሰው የምሥጢርን ዋጋ ያውቃል። ሚኒስትሩ ምሥጢር የማያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ ለሌላው ነው የነፈገው።

«የምደብቀው የለኝም» ለሚሉት ደግሞ ይኸን ልንገራቸው። ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ፊደል የቈጠርነው ጥቂቶች ስለ ነበርን፣ ከከተማ ደብዳቤ በመጣ ቍጥር የሚያነበው ከእኛ ከልጆቹ አንዱ ነበር። አንዲት እማማ የምንላቸው ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸው አሰብ ወርዶ በወደብ ይሠራል። ደብዳቤው ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንዱን ለውሃ፣ አንዱን ለእሳት ይልኩና በሩን ገርበብ አድርገው፣ «በል ልጄ፣ ቀስ ብለህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ» ይሉኝ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ምን ነበረ? ለጤናዎ እንደ ምን ሰንብተዋል የሚል ረዥም ሰላምታ፤ አሥር ብር መላኩ፤ ወባ ይዞት መሰንበቱ፤ አሥር ብሩን አጎቱ እንዳይሰማ፤ ከቶም የማያገባት አንዲት ልጅ እንዳለች። ከዚህ ውስጥ ወንጀሉ የቱ ነው? አንድም የለ። ቢሆንም ለመንደሩ ቢነገር አጎትየው ይቀየማል፣ ልጅቱ ትዋረዳለች፣ ባልቴቲቱም በብድር ጠያቂ ይጨነቃሉ። ሰው የሚደብቀው ኃጢአቱን ብቻ አይደለም፤ በሽታውን፣ ድኽነቱን፣ ተስፋውን፣ ያልጨረሰውን አሳብ ይደብቃል። ያን ሁሉ የያዘ ሌላ ሰው ቢኖር፣ ክፉ ባያደርግ እንኳ፣ ባልቴቲቱ በመንገድ ባገኙት ቍጥር ዓይናቸውን ሰበር ያደርጉ ነበር። ዓይን መስበር ደግሞ የሎሌነት መጀመሪያ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የፖስታ ሥራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ንጉሥ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሕግ ካዘዘው በቀር የዜጎችን የደብዳቤ ምሥጢር ማንም እንዳይነካ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ደብዳቤ በታወጀ የአደጋ ጊዜ ካልሆነ በቀር ሳንሱር እንዳይደረግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አንቀጽ 26 ከደብዳቤ አልፎ ስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ ጨመረበት። ሦስት ሕገ መንግሥት፣ ሁለት ዐይነት መንግሥት፣ ቃሉ ግን አንድ ነው። ሕጉ ሲጻፍ እንዲህ ያማረ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን «ጆሮ ጠቢ» የሚል ቃል ፈጥሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገርን ለልጆቹ አስተምሯል። ቃሉን የሚያህል የታሪክ ምስክር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ሌባና ነፍሰ ገዳይ እንዴት ይያዝ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። አባቶቻችን ለዚህ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። በአንድ አገር ስርቆት ወይም ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረም ይቀጣል። የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳይወጣ ለተመረጡት ሽማግሎች «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ያወራል። ወንጀለኛው ካልተገኘ አገሩ በሙሉ ዕዳውን ይከፍላል። ለአጨዳ የደረሰ እህል ሜዳ ላይ እየረገፈ ገበሬው ታግቶ የሚውልበት ነገር ስለ ነበረ ብዙ ሰው አማርሮበታል፤ በቂም የሚጠቈምም አይጠፋም። ቢሆንም ይህ ሥርዓት ዛሬ የጎደለን አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሚጠየቀው በታወቀ ጥፋት፣ በታወቀ ቀን፣ በአደባባይ ነው። ማንም ሳያውቅ፣ ምንም ጥፋት ሳይፈጸም፣ ምናልባት ወደፊት ይጠቅም ይሆናል ተብሎ አይጠየቅም። በአሁኑ ሕግ ቋንቋ ብንተረጕመው፣ ፈታሹ ዳኛ ዘንድ ቀርቦ የማንን፣ ስለ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈትሽ አስረድቶ ፈቃድ ያወጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍተሻ የሚቃወም ያለ አይመስለኝም።

የዘመኑ መሣሪያ ያመጣው አዲስ ነገር ፍተሻ አይደለም፤ የፍተሻ ዋጋ መርከስ ነው። የቪየናው ሰው አንድ ከረጢት ደብዳቤ ለማንበብ ሻማ፣ ሰምና ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልገው ነበር። በእጅ በሚያገናኝ የስልክ ቤት ዘመንም ሰሚው አንድ ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ኮምፒውተር ግን አያንቀላፋም። ከዚህም በላይ የፖስታው ውጭ ከውስጡ ይልቅ ተናጋሪ ሆኗል። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ቦታ፣ ስንት ደቂቃ ደወለ የሚለው ብቻ ተሰብስቦ የሰውን ወዳጅ፣ ሐኪምና ጸሎት ቤት ያስታውቃል። በአሜሪካ አንድ የስለላ መሥሪያ ቤት የሚሊዮን ሰዎችን የስልክ መዝገብ በጅምላ ይሰበስብ እንደ ነበረ በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣው ሰነድ ታወቀ። ሕዝቡ የተቈጣው ስለ መሰብሰቡ ብቻ አይደለም፤ የፈቀደው ፍርድ ቤት ትርጕም ራሱ በምሥጢር የተያዘ በመሆኑ ነው። በ2015 ምክር ቤቱ በሕግ አስቆመው። የለንደኑ ሚኒስትርና የዚህ መሥሪያ ቤት ጠባይ ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢው ራሱ ያስተያየው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ መዝገቡ ልለፍ። የሹም መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት የሚል ሕግ በዓለም ላይ መጀመሪያ የወጣው በታላላቆቹ መንግሥታት አገር አይደለም፤ በስዊድን በ1766 ነው። ለሕጉ ዋነኛው ታጋይ አንደርስ ኩደኒዩስ የሚባል፣ ዛሬ ፊንላንድ በሚባለው ክፍል የሚኖር የገጠር ቄስ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ከጥድ ዛፍ ቅጥራን እያወጡ ይሸጡ ነበር፤ ነገር ግን በሕግ ተከልክለው በቀጥታ ወደ ውጭ አገር መላክ አይችሉም፤ ሁሉ በስቶክሆልም ነጋዴዎች በኩል ማለፍ ነበረበት። ቄሱ በ1765 የካህናት እንደራሴ ሆኖ ምክር ቤት በገባ ጊዜ ይህ ክልከላ እንዲነሣ ተሟገተ፤ ተነሣም። ከዚህ ሙግት የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሂሳቡና ውሳኔው በጥቂቶች እጅ ተሸሽጎ ሳለ ድኻው በምን እንደሚበደል እንኳ ሊያውቅ አለመቻሉን ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ያለ ሳንሱር እንዲታተም፣ የመንግሥት ሰነድም ለጠየቀው ሁሉ እንዲሰጥ ተከራከረ። ይገርማችኋል፣ ሕጉ በታኅሣሥ ወር ከመውጣቱ በፊት እርሱ ራሱ መንግሥት የያዘውን የገንዘብ አመራር የሚነቅፍ ጽሑፍ አትሟል ተብሎ ከምክር ቤቱ ተባረረ። ሕጉም ረዥም ዕድሜ አላገኘም፤ በ1772 ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልሎ በያዘ ጊዜ ጠበበ፤ እንደ ገና የቆመው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቅጥራን ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ፣ የእኛን ታሪክ ላስታውሰው። የወሎ ረኃብ በ1965 ዓ.ም. በሹማምንት ዘንድ የታወቀ ነበር። ረኃብተኛው ከብቱን ሽጦ ጨርሶ ወደ መኪና መንገድ ይወጣ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ሊገባ የሞከረውም በፖሊስ እንዲመለስ ተደርጓል። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ። ጋዜጣና ራዲዮ ግን ዝም አሉ፤ መዝገቡ ተዘግቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረኃብ» የሚለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን እስኪያሳይ ድረስ ዓለም አልሰማም፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ግን አልቆ ነበር። አማርትያ ሴን የተባለው የህንድ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበረ። የጎደለው የድኻው የመግዣ ገንዘብና የሚጮኽለት አንደበት ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር ቀላቅሎ ለ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ማታ ለሕዝብ አሳየና በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። ከዚህ የከፋው ግን የሚቀጥለው ነው። መዝገብ ሸሸጋችሁ ብሎ የፈረደው መንግሥት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱ ረኃብ በመጣ ጊዜ የአሥረኛ ዓመት በዓሉ እንዳይበላሽበት እርሱም ሸሸገ። በዓሉ መስከረም 1977 ተከበረ፤ የቆረም ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመረጃ ነጻነት አዋጅ በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የግለሰብን መረጃ የሚጠብቅም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። አንዱ መዝገቡን ይከፍታል፣ ሌላው ደብዳቤውን ያሽጋል፤ ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ልማዱ ግን ከሕጉ ወደ ኋላ ይጎተታል። አንድ ጊዜ ስለ ሰፈራችን መንገድ የተያዘውን ዕቅድ ለማየት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በበር ላይ መታወቂያዬ፣ የስልክ ቍጥሬ፣ የቤት ቍጥሬና የመጣሁበት ጕዳይ በአንድ ትልቅ ደብተር ተጻፈ፤ ደብተሩም የማንም ዓይን በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ከውስጥ የጠየቅሁት የዕቅድ ወረቀት ግን ቍልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነበርና፣ «ከበላይ ደብዳቤ አጽፈህ ና» ተባልኩ።

ሁለቱን ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ለማስተካከል የሞከረ ሕዝብ ቢኖር ጀርመኖች ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን የምትባለው አገር 16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ ሽታዚ የተባለው የጸጥታ መሥሪያ ቤቷ በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፤ ከጎረቤት፣ ከመምህር፣ ከጓደኛ መካከል በምሥጢር ወሬ የሚያቀብሉት ደግሞ ከዚያ ይበዙ ነበር። ደብዳቤ በእንፋሎት የሚከፍትና መልሶ የሚያጣብቅ ማሽን ነበረው። መንግሥቱ ሲንገዳገድ ሠራተኞቹ መዝገቡን ማቃጠልና መቅደድ ያዙ። ኤርፉርት በተባለችው ከተማ ታኅሣሥ 4 ቀን 1989 ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጢስ ያዩ ሰዎች፣ ሴቶች ፊት ቀድመው፣ መሥሪያ ቤቱን ያዙት፤ በሌሎቹ ከተሞች፣ ኋላም በበርሊን ሕዝቡ ይህንኑ አደረገ። በዚያም በመደርደሪያ ላይ ቢዘረጋ 111 ኪሎ ሜትር የሚሆን ወረቀት ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ይቃጠል፣ ቂም ያመጣል አለ፤ አንዳንዱ ለሁሉ ይከፈት አለ። በ1991 መጨረሻ የወጣው ሕግ ሁለቱንም አላደረገም። የተሰለለው ሰው የራሱን መዝገብ እንዲያነብ ተፈቀደለት። በመዝገቡ ውስጥ የሌላ ንጹሕ ሰው ገበና ቢገኝ ሠራተኛው በጥቁር ቀለም ያጠፋዋል፤ የሰላዩና የአለቃው ስም ግን አይጠፋም፣ ለአንባቢው ይገለጣል። በአንዲት ገጽ ላይ የታናሹ ነገር ይሸፈናል፣ የሹሙ ሥራ ይነበባል። ከጥር 2 ቀን 1992 ጀምሮ በሩ ሲከፈት፣ አንዲት የፓርላማ አባል ስለ እርስዋ ይጽፍ የነበረው የገዛ ባልዋ መሆኑን ከመዝገቧ አነበበች። ብዙ ወዳጅነት ፈርሷል፤ የተፈራው የደም በቀል ግን አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን መዝገብ ለማየት ከ3 ሚሊዮን በላይ የሆነ ማመልከቻ ቀርቧል።

ሠራተኞቹ ቀዳደው ለማቃጠል ያልደረሱበት ወረቀት 16,000 ያህል ከረጢት ሞልቶ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ኑረምበርግ አጠገብ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ቍራጩን እየዘረጉ፣ የወረቀቱን ቀለምና የእጅ ጽሕፈቱን እያስተያዩ፣ በማጣበቂያ ይገጣጥሙት ጀመር። ኋላም ለዚሁ ሥራ ኮምፒውተር ተሠራለት፤ ሆኖም የገጣጠመው ገጽ በእጅ ከተገጣጠመው እጅግ ያነሰ ነበር። በእጅ የተገጣጠመው ከ1 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሲሆን፣ ይኸ ሁሉ የወጣው ከጥቂት መቶ ከረጢቶች ብቻ ነው።